ሰባት ቁጥር

ግድግዳችን ላይ ሰባት ቁጥር የተቀባው ረቡዕ ጠዋት ነው። ከሰዓት በኋላ አልነበረም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ይህችን ነገር ለሰው ለመናገር አሥራ አምስት ዓመት ፈጀብኝ፤ በመጨረሻ ስናገራት ደግሞ ግማሿን እንኳ እንደማላውቃት ገባኝ።

የምንኖረው አቃቂ በሰቃ፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ጀርባ፣ ፈረንሳዮች ለሠራተኛ ባሠሩት መደዳ ቤት ነበር። አሥር በር፣ አንድ ረጅም ጣሪያ። ግድግዳው ጥቁር ድንጋይ ነው፤ በሮቹ ከመርዘማቸው የተነሳ አባዬ እንኳ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ የመቃኑን አናት አይነካውም። በክረምት ከድንጋዩ ውስጥ ውሃ ይወጣል። ከጣሪያው አይደለም፣ ከድንጋዩ። እማዬ አልጋችንን ከግድግዳው አርቃ መሃል ቤት ታደርገዋለች፤ ጠዋት ስንነሳ ግን የብርድ ልብሱ ጫፍ ርሷል። ታናሽ ወንድሜ ሱፍያን ያኔ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ሲተነፍስ ደረቱ ውስጥ ቀጭን ፉጨት ይሰማል። እኔ ያን ፉጨት እወደው ነበር። ባቡሩ መምጣት ካቆመ ቆይቶ ስለነበር፣ «ሱፍያን ባቡሩን ውጦታል» እያልኩ ለጓደኛዬ ለፊሮምሳ አወራላታለሁ። እሷም ጆሮዋን ደረቱ ላይ ለጥፋ ታዳምጣለች።

ዛሬ ቱሉ ዲምቱ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው። እናቶች ልጅ አዝለው ሲገቡ ማዘዣውን ሳልቀበል ያን ድምፅ እለየዋለሁ።

አባዬ ሙሀመድሁሴን የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነበር፤ ቤት የሚያድረው በወር አራት አምስት ቀን ቢሆን ነው። ከወሎ ስንመጣ አቃቂ ውስጥ የሚያውቀን ሰው አልነበረም። ያንን ቤት ያገኘነው አንድ ቁጥር የሚኖሩት አባባ ቀናው ቀበሌ ድረስ ሄደው «ልጆቼ ናቸው» ብለው ስለቆሙልን ነው። አባባ ቀናው ጡረታ የወጡ የባቡር መካኒክ ናቸው። በየቀኑ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ማንም የማይሳፈርበት ጣቢያ ድረስ ሄደው ይመለሳሉ። ስምንት ቁጥር፣ ከእኛ ቀጥሎ፣ የፊሮምሳ አባት ጋሽ ሁንዴ አሉ። ከጓሮ ቶርኖ ተክለው ለመኪና ብረት ይቀርጻሉ። ሥራውን በአሥራ አምስት ዓመታቸው ያስተማሯቸው አባባ ቀናው ናቸው፤ ሁለቱ ሲጣሉም ሲስቁም ድምፃቸው አንድ ነበር።

ማህሌት የምትባል ሴት ከከተማው ባህል ቢሮ መጣች። ቀጭን፣ ሱሪ የለበሰች፣ አንገቷ ላይ ካሜራ ያንጠለጠለች ልጅ እግር ናት። ግድግዳችንን በሜትር ለካች፣ ድንጋዩን በመዳፏ ደባበሰች፣ በሩን ፎቶ አነሳችው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ስለነበር ፈገግ ብዬ ጠበቅኳት።

«የኔ ቆንጆ፣ ትንሽ ዘወር በይልኝ፤ በሩን ብቻ ነው የምፈልገው» አለችኝ።

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ጠላኋት።

እሁድ የመደዳው ሰው በሙሉ እድሩ አዳራሽ ተሰበሰበ። እኔና ፊሮምሳ መስኮቱ ሥር ድንጋይ ላይ ቆመን ወደ ውስጥ እናያለን። ማህሌት ወረቀት ይዛ ቆማ ነበር።

«መንገዱ ሲሰፋ እነዚህ ቤቶች እንዲነሱ ታስቧል» አለች። «ቅርስ ሆነው ከተመዘገቡ ግን የሚነካቸው የለም። መደዳው አንድ አካል ነው፤ ስለዚህ አሥሩም በር መስማማት አለበት። አንዱ ከጎደለ ሁሉም ይቀራል።»

«የሚነካቸው የለም ስትይ» አሉ ጋሽ ሁንዴ ከኋላ ወንበር ተነስተው፣ «እኛም አንነካቸውም ማለት ነው?»

«ያለ ፈቃድ ግድግዳ መለሰን፣ ጣሪያ መቀየር አይቻልም።»

«ሲያፈስስ?»

«ለቢሮው ታመለክታላችሁ። በጀት ሲኖር…»

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ማህሌት ቀላች። ጋሽ ሁንዴ አልሳቁም።

«ይቺ ልጅ ጥሩ ሰው ናት» አሉ። «ግን ቤቱን ያየችው በበጋ ነው። እስቲ ሐምሌ ላይ ትምጣ። ሽንት ቤት ለአሥር ቤት አንድ ነው፤ እሱንም ቅርስ እናድርገው?»

አባባ ቀናው ቀስ ብለው ተነሱ። ሲነሱ ሰው ዝም ይላል።

«እኔ እዚህ የመጣሁት በአሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ይህን ድንጋይ የጠረቡት ፈረንሳዮች አይደሉም፤ ፈረንሳዮቹ ጥላ ሥር ቆመው ያዝዙ ነበር። የጠረበው የአቃቂ ሰው ነው። አሁን ሐዲዱ ላይ ሣር በቅሏል። ይህ ግድግዳም ከሄደ፣ እዚህ ባቡር ነበር፣ እዚህ እኛ ነበርን ብንል ማን ልጅ ያምነናል?»

«ጋሼ፣ ሰው ከግድግዳ ይበልጣል።»

«ሰው የሆንከው እዚህ ግድግዳ ውስጥ ነው፣ ሁንዴ!»

ፊሮምሳ እጄን ጨብጣ ይዛኛለች፤ መዳፏ አልቦታል። በመጨረሻ ጋሽ ሁንዴ መሃል ያለውን ወንበር ሁሉ አልፈው ጠረጴዛው ጋ ሄዱና ብዕሩን አነሱ።

«ለግድግዳው አይደለም» አሉ። «ለእርስዎ ነው።»

ፈረሙ። አባባ ቀናው የጋሽ ሁንዴን ራስ ይዘው ግንባራቸውን ሳሟቸው፤ ሴቶቹ እልል አሉ። ሰው ተራ በተራ ፈረመ። እማዬም ፈረመች። ስትፈርም እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። መጻፍ ስለማትችል መስሎኝ አፈርኩላት። እማዬ እኮ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምራለች፤ የአባዬን ወረቀቶች የምትሞላው እሷ ነበረች። ያኔ ይህን ማሰብ አልመጣልኝም።

«ቅርስ ምንድን ነው?» አልኳት ፊሮምሳን ስንመለስ።

እሷ ከእኔ በአንድ ዓመት ትበልጣለች፤ የማታውቀው ነገር አልነበረም። «ውርስ ነዋ» አለችኝ። «አያቴን በደርግ ጊዜ ቤታቸውን ወርሰውባቸዋል። በቃ መጥተው ይወርሱታል፣ አንቺ ትወጫለሽ።»

«ታዲያ ለምን እልል አሉ?»

ትንሽ አሰበች። «ፈርተው ነዋ!»

ነገሩ በአንድ ጊዜ ግልጽ ሆነልኝ። የማህሌት ሜትር፣ የእማዬ የሚንቀጠቀጥ እጅ፣ የአዳራሹ ጩኸት፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ።

በሁለተኛው ሳምንት ሰኞ እማዬ ሱፍያንን አዝላ፣ እኔን በእጇ ይዛ በታክሲ ከተማ ወጣን። የት እንደምንሄድ ለጎረቤት እንዳልናገር አስጠነቀቀችኝ። አንድ ፎቅ ላይ ወጥተን፣ እኔ ኮሪደር ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። በሩ በደንብ አልተዘጋም። ማህሌትን በድምፅዋ አወቅኳት።

«እባክሽ እህቴ» ትላለች እማዬ። «እግርሽ ሥር ልውደቅ። ስለዚህ ልጅ ብለሽ።»

«ይነሱ፣ ኧረ ይነሱ!»

ከዚያ የሱፍያን ፉጨት ብቻ ይሰማል። ማህሌት ዝግ ብላ ስትናገር የያዝኩት ጥቂቱን ነው። «…መደዳው በሙሉ ይወድቃል። ያንን ያውቃሉ አይደል?»

እማዬ ያለችው አልተሰማኝም።

«እስከ ዓርብ ያስቡበት» አለች ማህሌት።

መደዳው በሙሉ ይወድቃል! አግዳሚው ላይ ቁጭ ብዬ አሥሩ በር አንድ በአንድ፣ ከአባባ ቀናው ጀምሮ፣ እንደ ጡብ ሲረፈረፍ ይታየኝ ጀመር። እማዬ ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ቤታችንን እንዲተዉልን እንደለመነችና ያቺ ሴት እንደጨከነችባት ገባኝ። ታክሲ ውስጥ ጭኗን አቅፌ ተኛሁ።

እማዬ የለመነችው ግን ሌላ ነበር። ማክሰኞ ዕለት አባዬ ከሚሌ ሲደውል «ጋሼ ቀናው ያሉትን አድርጊ፤ ውለታ አለብን» ሲላት ሰምቻለሁ፤ እሷም «እሺ» ብላው ስልኩን ዘግታ ለረጅም ጊዜ ግድግዳውን ስታየው አይቻለሁ። እኔ የምትሰናበተው መስሎኝ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ሁለት ሰዎች ቀይ ቀለም በቆርቆሮ ይዘው መጡና ከአንድ እስከ አሥር በየበሩ አጠገብ ድንጋዩ ላይ ቁጥር ቀቡ። ቀይ ቀለም ምን እንደሆነ ደግሞ የአቃቂ ልጅ ሁሉ ያውቃል። ከዋናው መንገድ ዳር ሱቆቹ ላይ ቀይ ምልክት ተቀብቶ በሳምንቱ ስካቫተር ሊያፈርሳቸው ሲመጣ ቆመን አይተናል። የእንጀራ እናቱ ሱቅ የፈረሰበት የክፍላችን ልጅ ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤት አልመጣም።

እማዬ ሱፍያንን ታቅፋ በር ላይ ቆማ የኛ ሰባት ቁጥር ሲቀባ አየች። ሰዎቹ ወደ ስምንት ሲያልፉ ፊቷን በሻርፏ ሸፍና ገባች። ጀርባዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። እማዬ ስታለቅስ ከዚያ በፊት አይቻት አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ ትልልቆቹ በሙሉ እንደገና አዳራሽ ገቡ። ሱፍያን ተኝቷል፤ እንድጠብቀው ነው የተተውኩት። ጓሮ ወጥቼ አባዬ የሞተር ዕቃ የሚያጥብባትን ናፍጣ ያለባትን ትንሽ ጀሪካን አመጣሁ። አባዬ ቀለም ከእጁ ሲያስለቅቅ አይቼዋለሁ። ያረጀ ካልሲ ነክሬ ሰባቱ ላይ አሻሸሁት። ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበር፤ እንደ ድልህ ተላቀቀ። በክርኔ ወረደ፣ ቀሚሴ ላይ ተንጠባጠበ። ናፍጣው ጉሮሮዬ ድረስ ከረፋኝ። ሰው መጣ አልመጣ እያልኩ ደጋግሜ ወደ ኋላ እዞራለሁ። በድንጋዮቹ መጋጠሚያ የቀረውን ቀይ በጭቃ ደፈንኩት።

የነፊሮምሳን ስምንት ቁጥርም ላጠፋላቸው ነበር። ወደ በራቸው ሄጄ ጀሪካኗን ዘቀዘቅኳት። አልቃለች።

ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ አሰብኩት! አንድ ጠርሙስ ናፍጣ ቢተርፍ ኖሮ።

እማዬ ስትመለስ ግድግዳውን አየች፣ እኔን አየች። አልተቆጣችም። ያ ይበልጥ አስፈራኝ። እጄን ይዛ ወደ ጓሮ ወሰደችኝና በኦሞ ሦስት ጊዜ አጠበችኝ፤ ጥፍሬን ቆረጠችው፤ ቀሚሴን አውልቃ ፌስታል ውስጥ ከተተችው። ያንን ቀሚስ ዳግመኛ አላየሁትም።

«ማንም ቢጠይቅሽ ቤት ውስጥ ነበርሽ» አለችኝ። «ሱፍያን አጠገብ። አንቺ በር አልከፈትሽም።»

«እማዬ፣ ቤታችን እንዳይፈርስ እኮ…»

አፌን በመዳፏ ያዘችው። መዳፏ ኦሞ ኦሞ ይል ነበር። «ዝም በይ ኢሽራቅ። ወላሂ ዝም በይ።»

ሐሙስ ጠዋት የመደዳው ሰው በራችን ላይ ተሰብስቦ ጠበቀን። ማህሌትም ተጠርታ መጥታለች። አባባ ቀናው ጎንበስ ብለው አፍንጫቸውን ግድግዳው ላይ አስጠጉ። ቀና ሲሉ ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ናፍጣ ነው» አሉ።

ማንም ስም አልጠራም። ሰው ሁሉ ግን ዓይኑን ወደ ስምንት ቁጥር መለሰ። ጋሽ ሁንዴ የሥራ ቱታቸውን ለብሰው በራቸው ላይ ቆመዋል። ፊሮምሳ ከኋላቸው ናት።

«ምን ታዩኛላችሁ?» አሉ።

«ሁንዴ፣ እጅህን አሳየኝ» አሉ አባባ ቀናው።

«ጋሼ…»

«እጅህን አሳየኝ ብያለሁ!»

ጋሽ ሁንዴ ሁለቱን እጆቻቸውን ዘረጉ። ጥቁር ናቸው፤ ሁልጊዜም ጥቁር ናቸው። አባባ ቀናው አንዱን አንስተው አሸተቱት። ጋሽ ሁንዴ እጃቸውን አልነጠቁም። እንደ ተማሪ ቆሙ።

«ናፍጣ የሌለው መካኒክ አለ?» አሉ ዝግ ብለው። «ባጠፋ የራሴን አላጠፋም?»

«የራስህን ብታጠፋ ይታወቅብሃላ!» ብሎ አንዱ ከኋላ ጮኸ። ሌላው «ገና ከጅምሩም አልፈለገም» አለ። «ካሳ ፈልጎ ነው» ያለም ነበር። ድምፁ በአንድ ጊዜ ተነሳ፤ ሁሉም ይጮሃል። ማህሌት መሃላቸው ገብታ እጇን እያወናጨፈች «ቀለም እኮ ነው! ቁጥሩ ለፎቶ ነው፤ ደግመን እንቀባዋለን! ምዝገባው በወረቀት ነው!» ትላለች። የሰማት የለም። እኔ ሰምቻታለሁ። ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም እንጂ፣ ቃሏን አንድ በአንድ ሰምቻለሁ።

«ከፈረምኩ ፈረምኩ ነው» አሉ ጋሽ ሁንዴ። ዓይናቸው አባባ ቀናው ላይ ብቻ ነበር። «እርስዎ ያውቁኛል።»

«የማውቀው ይመስለኝ ነበር» አሉ አባባ ቀናው፤ የጋሽ ሁንዴን እጅ ለቀው ሄዱ።

እማዬ አጠገቤ ቆማ ትከሻዬን ይዛኝ ነበር። ጣቶቿ ሥጋዬ ውስጥ ሊገቡ ደርሰዋል። ፊሮምሳ በአባቷ ጎን አሾልቃ እኔን ታያለች። አፌን ከፈትኩ። የእማዬ ጣቶች ጠበቅ አሉ። ዘጋሁት።

በሁለት ሳምንቱ ደብዳቤ መጣ። አባባ ቀናው አዳራሹ ውስጥ ቆመው አነበቡት። አንድ አባወራ ፊርማውን በማንሳቱ የነዋሪዎቹ ስምምነት አልተሟላም፤ መደዳው አይመዘገብም። ስም አልተጻፈበትም። ስም የሚፈልግ ሰውም አልነበረም። አባባ ቀናው ወረቀቱን በአራት አጥፈው ኪሳቸው ከተው ወጡ።

ከዚያ ቀን በኋላ ለጋሽ ሁንዴ ሰላምታ የሚሰጥ ጠፋ። ብረት ሊያስቀርጽ የሚመጣ የሰፈር ሰው ቀረ። ፊሮምሳ ትምህርት ቤት የመጨረሻው ዴስክ ላይ ብቻዋን ተቀመጠች፤ እኔ መሄድ እየቻልኩ አልሄድኩም። አጠገቧ ብቀመጥ ከአፌ የሚወጣ መሰለኝ። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት መጥታ «አባቴ አላደረገም» አለችኝ። «አውቃለሁ» አልኳት። የከፋት አልመሰለኝም፤ ቀለል ብሏት ሄደች። እንዴት እንደማውቅ አልጠየቀችኝም።

በቀጣዩ ኅዳር መደዳው ፈረሰ። እኛ ኮንዶሚኒየም ደረሰን። አባባ ቀናው ቃሊቲ ልጃቸው ቤት ገቡ፤ ጋሽ ሁንዴም ቶርኗቸውን ይዘው ወደ ቃሊቲ ሄዱ አሉ። አዲሱ ቤታችን አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር፤ ጠዋት ፀሐይ አልጋው ድረስ ይገባል። በዓመቱ ሱፍያን ማፏጨት አቆመ። እኔ ደግሞ ሲተኛ አጠገቡ ተጋድሜ ድምፁ ናፈቀኝ።

አባባ ቀናው ባለፈው ጥር ዐረፉ። እኔና እማዬ ለቅሶ ልንደርስ ቃሊቲ ሄድን። ድንኳኑ ሞልቶ ሰው ውጭ ድረስ ተቀምጧል። ከመንገዱ ማዶ፣ ከቆመ የጭነት መኪና አጠገብ አንድ ሽማግሌ ቆመዋል። ኮታቸውን ቆልፈው፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ድንኳኑን ያያሉ። ጋሽ ሁንዴ ነበሩ። አልገቡም። አስከሬኑ ሲወጣ ከሰው ሁሉ ኋላ፣ በሃያ ሠላሳ እርምጃ ርቀው ተከተሉ።

እማዬ ስታያቸው ፊቷ ተለዋወጠ። ስንመለስ ታክሲ መጠበቂያው ጋ ቆመን ነገርኳት።

«እማዬ፣ ያን ቁጥር ያጠፋሁት እኔ ነኝ። በእኔ ምክንያት ነው…»

«አውቃለሁ» አለች። «እጅሽን ማን አጠበው? ግን በአንቺ ምክንያት አይደለም። ቀለሙ ምንም አላደረገም። ዓርብ ዕለት ቢሮ ሄጄ ፊርማዬን ያነሳሁት እኔ ነኝ።»

ታክሲ መጥቶ ቆመ። ረዳቱ ጠራን። አልተንቀሳቀስንም፤ ሄደ።

«ሰኞ ስለምናት ልጅቷ የነገረችኝ እሱን ነው» አለች እማዬ። «ስምሽ ከወጣ የሁሉም ይወድቃል አለችኝ። ሐኪሙ ደግሞ ከዚያ እርጥበት ካላወጣሽው ይህ ልጅ ክረምቱን አይዘልቅም ብሎኛል። ለማን ልንገረው? ለጋሼ ቀናው? ቤቱን የሰጡን እሳቸው ናቸው።»

«ሐሙስ ዕለት ጋሽ ሁንዴ ላይ ሲጮኹ እኮ አጠገቤ ነበርሽ።»

«ነበርኩ።»

«በማግስቱ ሄድሽ?»

«በማግስቱ ሄድኩ።» ሻርፏን አስተካከለች። «ብናገር ያንቺም ጉድ ይወጣል፣ የእኔም ይወጣል። ነገ እናገራለሁ እያልኩ… ዝም ማለት በየቀኑ እየቀለለ ነው የሚሄደው ልጄ። ኋላ ክብደቱም አይሰማሽም።»

በእውነት ተናደድኩባት። ለአሥራ አምስት ዓመት የተሸከምኩትን ነገር የእኔ አልነበረም ስትለኝ ቀለለኝ ማለት ነበረብኝ፤ አልቀለለኝም። እሷ የሱፍያንን ነፍስ መርጣ ነበር። ዛሬ ፋርማሲ ውስጥ ቆሜ ሳስበው፣ እኔም ብሆን ሌላ አልመርጥም። የዚያን ምርጫ ዋጋ ግን በጋሽ ሁንዴ የከፈልነው እኛ ነን፤ እሷ በምታውቀው፣ እኔ በማላውቀው።

«እንሂድ» አልኳት። «ዛሬውኑ ባይሆን ቅዳሜ። ሁለታችንም።»

ቅዳሜ ሄድን። የጋሽ ሁንዴ ቤት ቃሊቲ መጋዘኖቹ መሃል ነው፤ ፊት ለፊቱ ቶርኖ ቤት፣ ከኋላው መኖሪያ። ፊሮምሳ አግብታ ደብረ ዘይት እንደምትኖር ነገሩን። ጭረት ያለበትን መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ሁለት በርጩማ አወጡልን። ሥራ አልነበራቸውም፤ ቤቱ ጸጥ ብሏል።

መጀመሪያ እኔ ተናገርኩ። ካልሲውን፣ ጀሪካኗን፣ ስምንት ቁጥርን ላጠፋላቸው ስል ናፍጣ እንዳለቀብኝ ነገርኳቸው። ቀጥላ እማዬ ተናገረች። ምንም አላሳጠረችም፤ ዓርብን ከነሰዓቱ ተናገረችው። ጋሽ ሁንዴ መሬቱ ላይ የተበተነውን የብረት ፍቅፋቂ እያዩ ሰሙ። ስንጨርስ ፍቅፋቂውን በእግራቸው ወደ አንድ ጥግ ሰበሰቡት። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢቆጡኝ ደስ ይለኝ ነበር።

«ልጁ እንዴት ነው?» አሉ በመጨረሻ። «ሱፍያን።»

«ደህና ነው» አለች እማዬ። «ዩኒቨርሲቲ ገባ።»

«ገለቶሚ ዋቃ። ተመስገን።» ከዚያ ራሳቸውን ቀና አድርገው አዩዋት። «ጋሼ ይህን ሳያውቁ ሞቱ?»

እማዬ ወደ እኔ አየች። ይህን ለእኔም አልነገረችኝም ነበር።

«ያውቁ ነበር» አለች። «ከፈረሰ ከሦስት ዓመት በኋላ ልጃቸው ቤት ድረስ ሄጄ እግራቸው ላይ ወድቄ ነገርኳቸው። አልተቆጡኝም። ‹አንቺ ዝም በይ፤ ለሁንዴ እኔ ራሴ ሄጄ እነግረዋለሁ፤ የበደልኩት እኔ ነኝ› አሉኝ። የሄዱ መስሎኝ ነበር። ታርቃችኋል ብዬ ተኝቼ ነበር። ለቅሶው ላይ ውጭ ቆመው ሳይዎት ነው እንዳልሄዱ ያወቅሁት።»

ጋሽ ሁንዴ ተነሱ። ወደ ቶርኖው ሄደው ጀርባቸውን ሰጡን። አንድ እጃቸውን ማሽኑ ላይ አሳረፉ።

«መጥተው ነበር» አሉ።

እማዬ አፏን ያዘች።

«እዚያ በር ላይ መጥተው ቆሙ፤ ያቺን ዱላቸውን ይዘው። ልሰድባቸው ፈለግኩ፤ አልቻልኩም። ዝም ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ። ይህ ማሽን ሲነሳ አጠገብህ ያለ ሰው ቢጮህ አትሰማውም፤ እሳቸውም ያንን ያውቃሉ፣ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ። ሊወቅሱኝ የመጡ መሰለኝ። እስኪበቃቸው ይናገሩ ብዬ ተውኳቸው። ተናገሩ፣ ተናገሩ፣ ሄዱ።»

መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው በቱታቸው ጫፍ መጥረግ ጀመሩ።

«ሦስት ጊዜ መጥተዋል» አሉ። «አንድም ቀን ማሽኑን አላጠፋሁላቸውም።»